የሰማናት፣ ያላየናት

ቅዳሜ ከሰዓት እዚህ ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ከተማ ውስጥ፣ ሃቫና ስትሪት ላይ እንጀራ የሚገዛው ሰው ይበዛል። ከኮልፋክስ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ለሚወርድ መንገዱ ግራና ቀኙ መኪና መሸጫ ነው፤ በመካከሉ የኮሪያውያን ምግብ ቤቶች አሉ፣ የሜክሲኮዎች ሱቆች አሉ፣ በየጥጉም በራሳችን ፊደል የተጻፈ የኛ ሰው ማስታወቂያ ብቅ ይላል። የዚያን ቀን የቆምኩበት ሱቅ ጠባብ ነው። በርበሬውና ሽሮው በፌስታል ታስሮ ተደርድሯል፤ ጥሬው ቡና በጆንያ፣ ጀበናው ከላይ። ከጣሪያው ሥር ከተሰቀለች ትንሽ ድምፅ ማጉያ ክራር ይሰማል።

የአስናቀች ወርቁ ክራር ነበር። እሷን አንዴ የሰማ ሰው ከሌላ አያምታታትም። አዘፋፈኗ ወደ ጨዋታ ያደላል፤ ደጅ ተቀምጣ ከጎረቤት ጋር የምታወራ ይመስላል። ስንኙን ትጥለውና ዝም ትላለች፤ የቀረውን ክራሩ ይጨርስላታል።

ሒሳብ የምትቀበለው ልጅ እዚሁ አውሮራ የተወለደች ናት። ዘፈኑን የከፈተችው እናቷ መሆን አለባት፤ ልጅቷ ቀና ብላ «ማን ናት ግን?» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። እኔ ፈጠን ብዬ «አስናቀች ወርቁ ናታ፣ የክራር ንግሥት» አልኳት። ከኋላዬ ተራ ይጠብቁ የነበሩ አንዲት እናት፣ ካፖርታቸው ላይ ነጠላ ጣል ያደረጉ፣ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«ኧረ ልጄ፣ እሷስ ቴአትረኛ ነበረች!»

ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ነገር እመለስበታለሁ። ለጊዜው ይህች አንዲት ቃል ትበቃኛለች። አስናቀችን አውቃታለሁ ብዬ ነው የኖርኩት። በካሴት ሰምቻታለሁ፣ በሲዲ ሰምቻታለሁ፣ በለሊት ፈረቃ ወደ ሥራ ስሄድ መኪናዬ ውስጥ ሰምቻታለሁ። አይቻት ግን አላውቅም። ያላየኋት እሷ ደግሞ ትልቋ አስናቀች ናት፤ ዕድሜዋን በመድረክ ላይ የጨረሰችው።

አስናቀች በ1920ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ተወልዳ በመስከረም 2004 ዓ.ም. ያረፈች ሴት ናት። በ1940ዎቹ አጋማሽ «የፍቅር ጮራ» በተባለ ተውኔት መድረክ ላይ ወጣች፤ በአገራችን ቴአትር የተወነች የመጀመሪያዋ ሴት እየተባለች የምትጠራውም በዚሁ ነው። ዘመኑ ቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ የተሸኘበት ዘመን ነው። (ያን ጊዜ በጦር ሜዳ የተገናኙ የሁለት አገር ሰዎች ልጆች ዛሬ ሃቫና ላይ አንድ የመኪና ማቆሚያ ይጋራሉ፤ ነገሩን ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል።) ከእሷ በፊት ቴአትር አልነበረም ማለት አይደለም። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ»ን ከጻፉ ሠላሳ ዓመት አልፏል፤ ሀገር ፍቅርም በ1927 ዓ.ም. ተመሥርቷል። በድርሰቶቹ ውስጥ ሚስት አለች፣ እናት አለች፣ የምትፈቀር ልጃገረድ አለች። መድረክ ላይ ግን ሴት የለችም። ወንዱ ጢሙን ተላጭቶ፣ ሻሽ አስሮ፣ ቀሚስ ለብሶ ይወጣ ነበር።

ይህ የኛ ብቻ ጉድ አይደለም። ለንደን ውስጥ እስከ 1660 እ.ኤ.አ. ድረስ የሼክስፒርን ሴቶች የሚጫወቱት ለጋ ወንዶች ነበሩ። ከሁሉ ይልቅ የምትገርመኝ ግን የኤስቶኒያ ታሪክ ናት። ኤስቶኒያውያን ቴአትራችን ተወለደ የሚሉት በ1870 እ.ኤ.አ. ታርቱ በምትባል ከተማ፣ ቫኔሙይነ በተባለው ማኅበር መድረክ ላይ ነው። ተውኔቱን ያዘጋጀችው ሊዲያ ኮይዱላ የምትባል ገጣሚ፣ ሴት ናት። የተውኔቱን ሴቶች ሆነው የወጡት ግን ወንዶች ናቸው። ቃሏ መድረክ ላይ ወጣ፤ የሴት ሰውነት ግን ደጅ ቀረ። ሕዝቡ የሴት ሐሳብ መስማትን ችሏል፣ ሴት ቆማ ማየትን አልቻለም። መስማትና ማየት እንዲህ የተራራቁ ነገሮች መሆናቸውን ያወቅሁት ከዚህች ታሪክ ነው።

ለምን ይሆን? ወንድ ቀሚስ ለብሶ ሲወጣ ማንም አይታለልም። ተመልካቹ ውሸቱን አስቀድሞ ያውቀዋልና ልቡ ያርፋል፤ ይስቃል፣ ያለቅሳልም፣ በመካከላቸው ግን አጥር አለ። ሴት ሴትን ሆና ስትወጣ አጥሩ ይፈርሳል። እንባዋ የማን ነው? የገጸ ባሕርይዋ ነው ወይስ የራሷ? ባሏ ያልሆነውን ሰው ሺህ ሕዝብ ፊት እወድሃለሁ ስትለው ምን ማለቷ ነው? እኛ ደግሞ ቃልን ቀልድ አድርገን ያደግን ሰዎች አይደለንም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው የምንለው፤ በቃል እንጋባለን፣ በቃል እንካካዳለን፣ በቃል እንረገማለን። ተዋናይት ማለት እንግዲህ ከአፍ የወጣን ቃል ወደ አፏ የምትመልስ ሴት ናት። ዛሬ ማታ በፍቅር ሞታ ነገ ማታ እንደገና ትሞታለች፤ በመካከሉ ቤቷ ገብታ ቡናዋን ታፈላለች። ይህን ማድረግ የምትችል ሴት ምን ትባል? ስም አልነበረንምና ያለውን ስድብ ሰጠናት።

ስድቡ ሁለት እጥፍ ነበር፤ ክራርም ይዛ ነበርና። በገና የዳዊት፣ ክራር የሰይጣን ሲባል ያልሰማ ማን አለ? ሁለቱም ጅማትና እንጨት ናቸው፤ አንዱን ለጸሎት፣ አንዱን ለገሃነም መደብናቸው። «አዝማሪ» የሚለውን ቃል ተመልከቱት፤ ሥሩ «ዘመረ» ነው። ከዚያው ሥር «መዝሙር» ወጥቷል፣ «መዘምር» ወጥቷል። አንዱ ቅርንጫፍ ቤተ መቅደስ ገባ፣ አንዱ ጠጅ ቤት ቀረ፤ ጠጅ ቤት የቀረውን ሰው ስም ጠርተን እንሳደብበታለን። አስናቀች ይህን ስም አልሸሸችውም። ቆንጆ ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ቀና ብላ በአዲስ አበባ ጎዳና ትሄድ ነበር። እኔ ጀግንነት የምለው ይህን ነው።

ከፍ ብዬ «ገጸ ባሕርይ» ያልኩትን ቃል ደግሞ አልፌው መሄድ አልቻልኩም። ተውኔት ውስጥ ያለን ሰው ለመጥራት ይህን ስም የመረጡ ሰዎች ምን እያሰቡ እንደነበር እንጃ፤ የነኩት ግን ከባድ ነገር ነው። ገጽ እና ባሕርይ ሊቃውንቱ ምሥጢረ ሥላሴን ሲያስተምሩ የሚያነሡአቸው ቃላት ናቸው፤ አንድ ባሕርይ፣ ሦስት ገጻት። ፍጡርን ከፈጣሪ ጋር ማስተካከሌ አይደለም፤ ቋንቋችን ምን ያህል እንደቀደመን ለማየት ነው። ተዋናይት ባሕርይዋ አንድ ነው፤ ገጿ ግን ብዙ ነው። ዛሬ ንግሥት፣ ነገ ገረድ፣ ከነገ ወዲያ ልጇ የሞተባት እናት። ጭንብል አጥልቃ አይደለም ይህን የምትሆነው፤ ጭንብል ገጽን ይሸፍናል፣ እሷ ግን ገጿን ነው የምታበዛው። ሰዳቢዎቿ የሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሰው አንድ ገጽ ብቻ ያለው መስሏቸው ሁለተኛውን ባዩ ጊዜ ውሸታም አሏት።

በ1948 ዓ.ም. የንጉሡ ዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ፤ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ማለት ነው። ከሺህ ሰው በላይ የሚይዝ አዳራሽ፣ ደጁ ላይ የድንጋይ አንበሳ የቆመበት። ሕንፃው በጣልያን ወረራ ዘመን ማርኮኒ ለሚባል ሲኒማ ተጀምሮ የነበረ ነው። እዚህ ሃቫና አጠገብ፣ ኮልፋክስ ላይ ጥቂት ብሎክ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ፣ የአውሮራ ፎክስ ቴአትር አለ። እሱም በ1946 እ.ኤ.አ. ከጦርነቱ በተረፈ ግማሽ በርሜል በሚመስል የወታደር ቆርቆሮ ቤት የተሠራ ሲኒማ ነበር፤ በ1981 ተቃጥሎ በ1985 የቴአትር ቤት ሆኖ ተከፍቷል። በደጁ ባለፍኩ ቁጥር ሁለቱ ቤቶች አብረው ይታዩኛል። ጦርነት ጥሎት የሄደውን ጣሪያ ሰዎች ለጨዋታ ተጠለሉበት።

አስናቀች በዚያ በአንበሳው አዳራሽ ውስጥ ከመክፈቻው ዘመን ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ሠርታለች። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሼክስፒርን ወደ አማርኛ መልሶ ለመድረክ ያበቃውም በዚያ ቤትና በዚያ ዘመን ነው። በሺህ የሚቆጠር ሰው በየሳምንቱ መጣ፣ ተቀመጠ፣ አየ፣ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ ሁሉ ምሽት በእጃችን የቀረ ምን አለ?

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» የተባለው የመጀመሪያው ረጅም ፊልማችንም የዚያው ዘመን ነው። አስናቀች ያን ጊዜ ከአሥር ዓመት በላይ በመድረክ ላይ ቆይታለች። ወጣትነቷ፣ ተዋናይት ሰውነቷ በሙላት የሚታዘዝላት ዘመን፣ ካሜራ ሳይደርስለት አለፈ። ድምፅዋ ግን ዕድል ነበረው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ክራሯ በሸክላ ተቀረጸ፤ ካሴት መጣና ከቤት ቤት ዞረ። በ2003 እ.ኤ.አ. ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ እትም 16ኛ ቅጹን ለእሷ ሰጠ፤ የሰጠውም ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «ባለ ክራሯ እመቤት» ማለት ነው። ፓሪስ ታትሞ ዓለምን ዞረ። እኔም ባለውለታው ነኝ፤ እዚህ አገር ያጽናናኝ ሲዲ ነው። ነገር ግን ስሙን እዩት። ዓለም የተቀበላት ከነክራሯ ነው፤ ቴአትሯ ደጅ ቀረ። ታርቱ ላይ የሆነው ነገር ነው፣ በሌላ መልኩ። እንድትሰማ ተፈቅዶላታል፣ እንድትታይ አይደለም።

ጥፋቱን በመቅረጫ መሣሪያ ብቻ ማላከክ ግን አልፈልግም። ድምፅ ቀላል ጓዝ ነው። ቪዛ አይጠየቅም፣ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ እየነዱም እያጠቡም ይሰማል። ቴአትር ግን አሥር ሰው ለወራት በአንድ ሰዓት አንድ ክፍል ውስጥ እንዲገናኝ ይፈልጋል። ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ይህን ከየት ያመጣል? ዓለምፀሐይ ወዳጆን የማደንቃት ለዚህ ነው። ተዋናይት፣ ገጣሚ፣ ጸሐፌ ተውኔት ሆና ብዙ ከሠራች በኋላ ተሰደደች፤ ዋሽንግተን አካባቢ በ2000 እ.ኤ.አ. ጣይቱ የባህልና የትምህርት ማዕከልን መሠረተች፤ ታክሲ ነጂውንና ነርሷን ሰብስባ ቴአትር አሠራች፣ ግጥም አስነበበች። እሷ ለድምፃውያን የሰጠቻቸውን ግጥሞች እዚህ ዴንቨር ሠርግ ላይ የማይዘፍናቸው የለም። ቴአትሯን ግን ስንቱ አይቶታል? ዘፋኝ ሲመጣ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ይሞላል፤ ቴአትር ሲመጣ የፊት ወንበር እንኳ ባዶ ያድራል። እኔም ካልመጡት አንዱ ነበርኩ፤ በዚህ አፍራለሁ።

አስናቀችን በዕድሜዋ መጨረሻ ካሜራ አግኝቷታል። ራሄል ሳሙኤል ስለ እሷ የሠራችው «አስኒ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም በ2013 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፤ በእርጅናዋ ስለ ራሷ፣ ስለ ፍቅሯና ስለ ሥራዋ ስትናገር ያሳያል። ያን ፊት ያየ ሰው አንድ ነገር ይገባዋል። ፊቱ እየተናገረ እያለ ገና ሌላ ገጽ ሊያወጣ ይችላል፤ ልምዱ ከሥጋው አልወጣም። የሠራችውን ቴአትር ግን እሷም ብቻዋን ልታሳየን አትችልም ነበር። ቴአትር የሁለት ወገን ሥራ ነውና፤ ግማሹ መድረክ ላይ ነበር፣ ግማሹ ወንበር ላይ።

ወንበር ላይ የነበረው ግማሽ ነው እንግዲህ ያን ቅዳሜ ሃቫና ላይ ከኋላዬ ተሰልፎ ያገኘሁት።

«አይተዋት ያውቃሉ እንዴ እትዬ?» አልኳቸው።

«ሳላይማ! በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። አባቴ ነው የወሰደኝ፣ አክስትሽ እንዳትሰማ ብሎ። ጫማዬ ጠቦኝ እግሬን ሲያቃጥለኝ ነው ያመሸው።»

የቴአትሩን ርእስ ጠየቅኋቸው፤ አላስታወሱትም። ታሪኩንም ጠየቅኋቸው፤ ባልና ሚስት ነበሩ ከማለት በቀር አልያዙትም። ጫማው ግን አለ፣ የአባታቸው ማስጠንቀቂያ አለ፣ ከፊታቸው የተቀመጠው ሰውዬ ባርኔጣ አለ። ትዝታ እንዲህ ነው፤ መድረኩን ጥሎ ወንበሩን ይይዛል። ተስፋ ቆርጬ ለወጉ ያህል «እንዴት ነበር የምትጫወተው?» አልኳቸው።

«ይሄማ አይነገርም» አሉ።

የእንጀራውን ፌስታል መሬት አስቀመጡ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው ዝቅ አደረጉ። እጆቻቸው ወደቁ። ከዚያ አንድ ሰው ከበስተኋላ የጠራቸው ይመስል አንገታቸው ቀስ ብሎ ወደ በሩ መዞር ጀመረ፤ ግማሽ ዞሮ ቆመ። አልተመለሰ፣ አልቀጠለ። የሚጠራቸውን ሰው ማየት ፈልገዋል፣ ካዩት ደግሞ የሚሆነውን ያውቁታል፤ ይህ ሁሉ አንገታቸው ላይ ነበር። ልጅቷ የሰው ካርድ በእጇ እንደያዘች ቀረች። ከኋላ የቆሙት ወሬያቸውን አቆሙ። ለስንት ጊዜ እንደቆየ አላውቅም፣ ክራሩ ሁለት ጊዜ ተመታ።

«እንዲህ» አሉና ነጠላቸውን መልሰው፣ ፌስታላቸውን አንሥተው ወደ ተራቸው ተመለሱ።

ያ የአስናቀች ነበር ወይስ የእሳቸው? ስድሳ ዓመት ሰውነታቸው ውስጥ ሲኖር የቱ የማን እንደሆነ ተቀላቅሏል፤ ምናልባት ስደቱም፣ የተለዩት ሰውም ገብቶበታል። ለእኔ ግን ልዩነት የለውም። የኛ ሰው ይህን ያውቅበታል። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዜማውን በምልክት ብራና ላይ ጻፉት፤ ዝማሜውን፣ አቋቋሙን ግን ተማሪው ከመምህሩ ጎን ቆሞ፣ መቋሚያ ይዞ፣ አብሮ እየወዘወዘ ነው የሚማረው። የትከሻውን አጣጣል፣ የእግሩን አመታት መጽሐፍ አይነግረውም። አንድ መሪጌታ ሲዘም ባየሁ ጊዜ የማየው የእሱን ብቻ አይደለም፤ ያስተማረውን፣ ያንን ያስተማረውንም ነው። ሰውነት በሰውነት ላይ የሚጻፍበት ትምህርት ቤት ነበረን፤ አሁንም አለን። ለተዋንያኖቻችን ግን አልከፈትንላቸውም። አልቃሽ ስትሞት ለቅሶዋን ያስቀረ አለ፣ ሸላይ ሲሞት ፉከራውን ያስቀረ አለ። የመጀመሪያዋ ተዋናይታችን ስትሞት ያስቀረናት ድምፅዋን ብቻ ሆነ።

ያቺን የአንገት መዞር በስልኬ አልቀረጽኳትም። ብቀርጻት ኖሮ እሳቸውም ባላደረጉት ነበር። ቤቴ ገብቼ መስታወት ፊት ሞከርኳት፤ አልሆነልኝም፣ ሁሌ አሳልፌ እዞራለሁ። ልጅቷ ግን በቀጣዩ ሳምንት ስሄድ «ያቺን ሴትዮ አየሃት?» ብላ፣ ከሒሳብ መቀበያዋ ኋላ ቆማ አሳየችኝ። ከእኔ የተሻለች ናት።

አውሮራም፣ ዴንቨርም፣ ሌላም ከተማ ያላችሁ፣ በዚያ የድንጋይ አንበሳ በቆመበት አዳራሽ ውስጥ አንድ ምሽት ተቀምጣችሁ ያያችሁ እናቶችና አባቶች፦ ርእሱ ቢጠፋባችሁ ግድ የለም፣ ታሪኩም ቢጠፋ ግድ የለም። ልጆቻችሁ ፊት ተነሡና የያዛችሁትን አሳዩአቸው። እናንተ ልጆቻቸው ደግሞ ወንበሩን ወደ ዳር ሳቡላቸው፣ ቴሌቪዥኑን አጥፉላቸው።